ከሆስፒታል ወጥቶ ወዴት? ለሚያገግም ወታደር ቤት የመምረጫ መመሪያ

ጆርጂያ አቬኑን የማያውቅ የዋሺንግተን ሐበሻ የለም። የዋልተር ሪድ የጦር ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2011 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ወደ ሜሪላንዷ ቤተስዳ እስኪዛወር ድረስ በዚሁ ጎዳና ላይ ነበር። ከሆስፒታሉ ቅጥር ማዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ቀድሞ ሆቴል የነበረ ሕንጻ ነበር፤ ሠራዊቱ «ሕንጻ 18» ይለው ነበር። ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ቆስለው የመጡ ወታደሮች የሆስፒታል አልጋቸውን ከለቀቁ በኋላ እዚያ እያደሩ በተመላላሽ ይታከሙ ነበር። በ2007 የካቲት ወር ዋሺንግተን ፖስት የግድግዳውን ሻጋታ፣ አይጡንና በረሮውን ዘርዝሮ ሲያወጣው አገር ጉድ አለ። የሆስፒታሉ አዛዥ ከቦታው ተነሣ፤ የጦር ሠራዊቱ ሚኒስትርም ሥልጣኑን ለቀቀ። የቅሬታው ዋና ምንጭ ቀዶ ሕክምናው አልነበረም። ማደሪያውና የወረቀት ሥራው ነበር።

ያንን ታሪክ ያነሣሁት በዚያው አካባቢ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ፣ ልጃቸው የአሜሪካ ጦር ውስጥ የሚያገለግል የእኛ ሰዎች ስላሉ ነው። ልጅ ሲቆስል ቤተሰቡ ቀድሞ የሚያስበው «ዊልቼር ያስገባል ወይ?» ብሎ ነው። መጠየቁስ ይጠየቃል፤ ከእሱ በፊት ግን «ማን አብሮት ያድራል? ለስንት ጊዜ?» የሚለው ይመለስ። ለሦስት ወር የሚሆን ቤት ለሦስት ዓመት አይሆንም፤ ለሦስት ዓመት የሚሆነውም ዕድሜ ልክ ላያገለግል ይችላል። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የማወዳድረው በዚህ ሚዛን ነው።

ቁስሉ ራሱ ምን ይጠይቃል?

«አካል ጉዳተኛ» የሚለው ቃል ለአናጢው ምንም አይነግረውም። እግሩን ያጣ ሰው ቀን በሰው ሠራሽ እግር ይራመዳል፣ ደረጃም ይወጣል። ማታ ግን እግሩን አውልቆ ነው የሚተኛው። ሌሊት ሽንት ቤት የሚሄደው ወይ በዊልቼር ነው፣ ወይ በክራንች፣ ወይ እየዳኸ። ስለዚህ ቀን አይታችሁት «ደረጃ ይችላል» ብላችሁ መኝታውን ፎቅ ላይ ብታደርጉ ሌሊቱን አላሰባችሁለትም ማለት ነው። ቆሞ የሚታጠብበት ሻወርም ለእሱ አይሆንም፤ ገላውን የሚታጠበው እግሩን አውልቆ ነውና መቀመጫ ያስፈልገዋል።

ሰውነቱ በእሳት የተቃጠለ ሰው የጠባሳ ቆዳው አያልበውም። የሰውነቱ ሙቀት ቶሎ ይወጣል፣ ቶሎ ይወርዳል፤ የቀሩት የቤቱ ሰዎች ተመችቷቸው ሲቀመጡ እሱ ይጨነቃል። ለሱ ከበር ስፋት ይልቅ የሚያስፈልገው የራሱ ክፍል ለብቻው የሚቀዘቅዝበትና የሚሞቅበት መቆጣጠሪያ ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው የምዕራብ መስኮትም ጠላቱ ነው።

የጭንቅላት ጉዳት የደረሰበት ደግሞ ብርሃንና ጫጫታ ያውከዋል፣ ዕቃ ያስቀመጠበትን ይረሳል። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ይነሣ፤ የወጥ ቤቱ ቁም ሳጥንም ውስጡ የሚታይ ይሁን።

በዓይን የማይታየው ቁስል ደግሞ አለ። ፈንጂ ካየ ሰው ጋር የኖረ ያውቀዋል፤ ጀርባውን ለበር ሰጥቶ አይቀመጥም። ማን እንደመጣ ሳያይ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። ለእንዲህ ያለው ሰው ሳሎኑ ውስጥ መግቢያውንና ደጁን በአንድ ጊዜ የሚያሳይ፣ ከኋላው ግድግዳ ያለው የመቀመጫ ቦታ ፈልጉለት። በየማዕዘኑ የሚታጠፍ ጨለማ ኮሪደር አይሆነውም። ይህ ገንዘብ አያስወጣም፤ ሶፋ ማዞር ብቻ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አርክቴክቶች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ይህንኑ ነው።

ፊሸር ሃውስ፦ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ዛካሪና ኤልሳቤጥ ፊሸር የተባሉ ባልና ሚስት በ1990 የጀመሩት ይህ ማረፊያ መጀመሪያ ቤተስዳ ላይ በሩን ከፈተ። ዛሬ በብዙ የጦርና የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች አጠገብ አለ፤ ፎርት ቤልቮር በተባለው የቨርጂኒያ ጦር ሰፈርም ጭምር። ቤተሰብ ያለ ክፍያ ያድርበታል። ንድፉ ብልህ ነው፦ መኝታው የየቤተሰቡ፣ ወጥ ቤቱና የምግብ ጠረጴዛው የጋራ። እናት ሆስፒታል ውላ ስትመለስ እንደ እሷ ልጇ የቆሰለባትን ሌላ እናት ምድጃ አጠገብ ታገኛለች። ሆቴል ይህን አይሰጥም። መኖሪያ አድርጋችሁ እንዳታስቡት እንጂ ቅርብ ካለ ሌላ አማራጭ አታማትሩ።

በጦር ሰፈር ውስጥ የተሠራ ቤት

ከአሌክሳንድሪያ ትንሽ ወደ ደቡብ በሚገኘው ፎርት ቤልቮር በ2011 ሁለት የሙከራ ቤቶች ተመረቁ። የነደፋቸው ማይክል ግሬቭስ ነው። ግሬቭስ በ2003 በያዘው ኢንፌክሽን ሽባ ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2015፣ በዊልቼር የኖረ ታዋቂ አርክቴክት ነበር። ተኝቶ በታከመበት ክፍል ጢሙን ሊላጭ ሲል መስታወቱም፣ ቧንቧውም፣ ሶኬቱም እንደማይደረስባቸው በየመድረኩ ይናገር ነበር። ክላርክ ሪያልቲ የተባለው አልሚና አይዲኦ የተባለው የዲዛይን ድርጅት አብረውት ሠሩ፤ ሥራውንም የጀመሩት ከቁስለኞችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር በመነጋገር ነው።

ውጤቱን ከሩቅ ያየ ሰው ተራ የሰፈር ቤት ነው የሚመስለው። ትልቁ ብልሃትም እዚህ ላይ ነው፤ ጎረቤት «የአካለ ስንኩላን ቤት» ብሎ የሚጠቁመው ነገር የለም። ውስጡ ግን ሌላ ነው። በሮቹ ወደ ጎን ይንሸራተታሉ። ኮሪደሩ ሰፊ ነው። የዕቃ ማጠቢያውና የምግብ ማዘጋጃው ጠረጴዛ በቁልፍ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ባል ተቀምጦ፣ ሚስት ቆማ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይሠራሉ። ሙቀትና ቅዝቃዜው በየክፍሉ ይለያያል። ለአስታማሚ እናት ወይም ወንድም የሚሆን ራሱን የቻለ ክፍልም አለው።

እንዲህ ያለ ቤት ቢሰጣችሁ ግቡ። የቤቱ ድካም ከግድግዳው ውጭ ነው፦ የጦር ሰፈር ቤት አገልግሎት ላይ ላለ ወታደር የሚሰጥ ነው። በሕክምና ቦርድ ከሠራዊቱ የተሰናበተ ዕለት የሚስተካከለው ጠረጴዛ እዚያው ይቀራል። እዚያ ሳላችሁ ማድረግ ያለባችሁ አንድ ሥራ አለ። ከቤቱ ነገሮች የትኛውን በእርግጥ እንደሚጠቀምበት፣ የትኛውን ዞር ብሎ እንደማያየው በማስታወሻ ያዙ። ቀጣዩን ቤት ስትሠሩ ከማንም ባለሙያ ምክር የበለጠ የሚረዳችሁ ያ ማስታወሻ ነው።

የራስን ቤት ማስተካከል

አብዛኛው ቤተሰብ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

የእኛ ሰው ሰሜን ቨርጂኒያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ታውንሃውስ ነው። ከታች ጋራዥ፣ ከመሐል ሳሎንና ወጥ ቤት፣ ከላይ መኝታ። ለጤነኛ ቤተሰብ ግሩም ቤት ነው። ለዊልቼር ግን ከዚህ የከፋ አቀማመጥ ማግኘት ይከብዳል፤ ሰው በሚውልበት ፎቅ ላይ ያለችው ሻወር የሌላት ጠባብ ሽንት ቤት ብቻ ናት። በደረጃው ላይ ተንሸራታች ወንበር መግጠም ይቻላል። ሆኖም ከዊልቼር ወደ ወንበሩ፣ ከላይ ደግሞ ከወንበሩ ወደ ሌላ ዊልቼር መዛወር አለ፤ ይህን በቀን አራት ጊዜ የሚያደርግ ትከሻ ብዙም ሳይቆይ ማመም ይጀምራል። ጋራዡን ወደ መኝታና መታጠቢያ መቀየር የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ደጅ ደረጃ የለውም፣ መኪናው አጠገቡ ነው። ችግሩ ልጁ ታች፣ ቤተሰቡ ላይ መሆኑ ነው፤ ሰው ገና ሳይሞት ምድር ቤት እንደማስገባት ይሆናል። እውነቱን ለመናገር እኔ ብሆን ታውንሃውሱን ሸጬ ወይም አከራይቼ ባለ አንድ ወለል አሮጌ ቤት እፈልጋለሁ። ራምብለር የሚሏቸው ዝቅ ያሉ የድሮ ቤቶች ለዐይን ባያምሩም ለዚህ ሥራ ይሆናሉ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ቪኤ) ከ1948 ጀምሮ ለዚሁ የሚሆን ድጎማ ይሰጣል። ትልቁ ኤስኤኤች ይባላል፤ እንደ ሁለት እግር ማጣት ላለ ከባድ ጉዳት ነው። በ2024 የበጀት ዓመት ጣሪያው 117,014 ዶላር ነበር። አነስተኛው ኤስኤችኤ በዚያው ዓመት እስከ 23,444 ዶላር ይደርስ ነበር። ጣሪያው በየዓመቱ ስለሚከለስ የዘንድሮውን ጠይቁ። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ መጨረስ ግዴታ አይደለም፤ በዕድሜ ዘመን እስከ ስድስት ጊዜ ከፋፍሎ መጠቀም ይቻላል። ብዙዎች ይህን ሳያውቁ የመጀመሪያው ቤት ላይ አሟጠው ይጨርሱታል። ልጁ ለጊዜው እናቱ ወይም እህቱ ቤት ተጠግቶ ከሆነ ለዚያ ቤት የሚሆን ቲአርኤ የተባለ ለብቻው የተዘጋጀ ድጎማ አለ። በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጠው ሂሳ የተባለው ድጎማ ደግሞ በአገልግሎት ለመጣ ጉዳት እስከ 6,800 ዶላር ነው፤ ለመወጣጫና ለመታጠቢያ ቤት ይበቃ ይሆናል።

ሥራው የሚጀምረው ከደጅ ነው። ሕጉ የሚቀበለው የመወጣጫ ልክ ለአንድ ኢንች ከፍታ አንድ ፊት ርዝመት ነው። ሦስት ደረጃ ያለው በረንዳ 21 ኢንች ያህል ስለሚሆን 21 ፊት መወጣጫ ይጠይቃል። ግቢው ያን ያህል ቦታ የለውም ብሎ አቀበቱን የሚያሳጥር ኮንትራክተር አትቀበሉ፤ በበረዶ ቀን ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የሰፈሩ ማኅበር (ኤችኦኤው) ወይም አከራዩ «የቤቱን ገጽታ ያበላሻል» ካለ፣ የመኖሪያ ቤት አድልዎን የሚከለክለው የፌደራል ሕግ አካል ጉዳተኛ በራሱ ወጪ ተመጣጣኝ ማስተካከያ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። ጥያቄውን በጽሑፍ አስገቡ፤ ቅጂውንም አስቀሩ።

በሩ ሲከፈት ቢያንስ 32 ኢንች ንጹህ መተላለፊያ ይኑረው። እኔ 36 ኢንች የሆነ በር ግጠሙ እላለሁ፤ በ32ቱ የሚያልፍ ሰው ጣቱን እየላጠ ነው። ዊልቼር ባለበት ዞሮ ለመመለስ 60 ኢንች ክብ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። የመታጠቢያ ቤት በር ወደ ውስጥ አይከፈት፤ ውስጥ የወደቀ ሰው በሩን በሰውነቱ ይዘጋውና አስታማሚው ሊገባ አይችልም። ተንሸራታች በር ወይም ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን።

መታጠቢያ ቤቱ ላይ አትቆጥቡ። ገንዘቡ ለአንድ ክፍል ብቻ የሚበቃ ከሆነ ክፍሉ ይህ ይሁን። ሻወሩ ጠርዝ የሌለው፣ ወለሉ በቀስታ ወደ ፍሳሹ ያዘነበለ ይሁን። የእጅ መደገፊያ ብረት ዛሬ ባይተከል እንኳ ግድግዳው ሲከፈት ከጀርባው ወፍራም ጣውላ አስገቡበት፤ ኋላ በፈለጋችሁት ቦታ ትሰቅላላችሁ። በባዶ ጂፕሰም ላይ የተሰቀለ ብረት የሰው ክብደት ሲያርፍበት ከነብሎኑ ይነቀላል። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ቁም ሳጥን አይኑር፣ ጉልበት ይግባበት። የሞቀው ቧንቧ ደግሞ ይሸፈን። ስሜት የሌለው እግር ሲቃጠል አይናገርም፤ ሽታው ነው የሚያስታውቀው። የውሃ ማሞቂያውንም ከ120 ፋራናይት በላይ አታድርጉት።

ተሠርቶ የሚሰጥ አዲስ ቤት

ከ2004 ጀምሮ ሆምስ ፎር አወር ትሩፕስ የተባለ ድርጅት ከመስከረም 11ዱ ጥቃት ወዲህ በከባድ ለቆሰሉ ወታደሮች ቤት እየሠራ በነጻ ይሰጣል። ቤቶቹ ባለ አንድ ወለል ናቸው፤ 2,800 ስኩዌር ፊት ገደማ ስፋትና ከ40 በላይ ልዩ ማስተካከያ አላቸው። በጥራት ከዚህ የሚወዳደር የለም። ከማስተካከል ጋር ሲነጻጸርም ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፦ አሮጌ ቤት ሲስተካከል ለዊልቼር የሚሆነው የተሠራው ክፍል ብቻ ነው፣ አዲሱ ግን ልጆቹ ክፍል ድረስ ያስገባል። አባት ልጁን አልጋው ላይ አስተኝቶ ብርድ ልብስ ማልበስ ከቻለ ያ ቤት ነው።

ተራው ግን ጊዜ ይወስዳል፣ እስከዚያው የት ይኖራል የሚለው ይቀራል። የት ነው የሚሠራው የሚለውም ከስፋቱ ይበልጣል። ርካሽ መሬት ያለበት ሩቅ ካውንቲ ላይ የተሠራ ግሩም ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ከመስጊዱ፣ ከእናቱና ከሆስፒታሉ አንድ ሰዓት ተኩል ከራቀ፣ ያማረ ግዞት ነው። ሰፊ ቤት ማሞቅና ማቀዝቀዝም ወጪ አለው። ቨርጂኒያ ላይ አንድ እፎይታ አለ፤ በአገልግሎት ምክንያት መቶ በመቶ ቋሚ የአካል ጉዳት የተመዘገበለት የቀድሞ ወታደር ከ2011 ጀምሮ ለሚኖርበት ቤት የንብረት ግብር አይከፍልም።

አብሮ መኖር፦ መንደርና ጋራ ቤት

በዚህ ሐሳብ እንግሊዝ የቆየ ልምድ አላት። ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ በ1682 ያቋቋመው፣ ክሪስቶፈር ሬን የነደፈው የቼልሲው ሮያል ሆስፒታል እስከ ዛሬ ጡረተኛ ወታደር ይኖርበታል። መጀመሪያ የአንዱ ሰው ማደሪያ ስድስት ፊት በስድስት ፊት የእንጨት ክፍል ነበር፤ ኋላ ዘጠኝ በዘጠኝ ሆነ፣ በእኛ ዘመን ደግሞ የየራሳቸው መታጠቢያ ተጨመረላቸው። በ1924 ላንካስተር ላይ የተመረቀው ዌስትፊልድ መንደር ከዚህ ይለያል። የአትክልት ቦታ ነዳፊው ቶማስ ሞሰን ያሰበው የአካል ጉዳት የደረሰባቸው ወታደሮች ከሚስትና ከልጆቻቸው ጋር፣ የየራሳቸው ጓሮ ባላቸው ትንንሽ ቤቶች፣ ጎን ለጎን እንዲኖሩ ነበር።

ሁለቱን ሳወዳድር ለሚያገግም ወጣት የምመርጠው ላንካስተርን ነው። ያየውን ያየ ጎረቤት ማግኘት መድኃኒት ነው፤ ያለ ቤተሰብ በወታደር ብቻ መከበብ ግን ሠፈሩን ሁለተኛ ካምፕ ያደርገዋል። ዛሬ የቡድን መኖሪያ ከቀረበላችሁ ሚስትና ልጅ ያስገባል ወይ፣ እንግዳ ያሳድራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አይሆንም ከሆነ ለላጤ ብቻ ነው።

የእኛ ቤት የሚጨምረው

የትኛውም የአሜሪካ መመሪያ የማይጽፈው አንድ ነገር አለ፤ ጠያቂ። ልጅ ቆስሎ ተመለሰ ሲባል ቅዳሜ ከሰዓት ሠላሳ ሰው ይመጣል። «እንኳን እግዜር አተረፈህ» የሚል ሁሉ ከልቡ ነው፣ ቡናው ይፈላል፣ ድምፁ ይበዛል። ለልጁ ግን ሳሎኑ አንድ በር ብቻ ካለው መውጫ የሌለው ወጥመድ ይሆንበታል። ስለዚህ ቤት ስትመርጡ ከሳሎኑ ሰው ፊት ሳያልፍ ወደ መኝታው የሚገባበት ሁለተኛ መንገድ መኖሩን አጣሩ። እናቶች «የት ሄደ?» ሲሉም «አረፍ ብሎ ነው» የሚላቸው ሰው ይመደብ።

ዕጣንና ከሰል ሳንባው በፍንዳታ ወይም በእሳት ጭስ ለተጎዳ አይሆኑም። የጭስ ማስጠንቀቂያው በቡና መሐል ሲጮህ የሚፈጠረውን ድንጋጤ ለማሰብም አያስቸግርም፤ ረከቦቱ በረንዳ ላይ ወይም ጥሩ አየር ማውጫ ካለው ወጥ ቤት ይሁን። ኤሌክትሪክ ምጣዱ ደግሞ ከባድ ነው፣ ይሞቃል፣ ብዙ ኃይልም ይስባል። ተቀምጣ የምትጋግር ቁስለኛ ሴት ወታደር ካለች ምጣዱ ቋሚ ቦታ ይሠራለት፤ ከሥሩ ጉልበት የሚገባበት፣ ጎኑ አክንባሎ የሚቀመጥበት፣ ሶኬቱም ከጀርባ ሳይሆን ከፊት የሆነ።

አገር ቤት ላሉ አንባቢዎች ደግሞ አንዲት ነገር። ከሰሜኑ ጦርነት ቆስሎ የተመለሰ ወንድም ያላችሁ፣ አብዛኛው ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ሊፍት እንደሌለው ታውቃላችሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ቤት አከራይቶ ምድር ላይ ያለውን መከራየት ከማንኛውም እድሳት ይቀድማል። ከዚያ የሽንት ቤቱን በር ወደ ውጭ ማስከፈትና ከመቀመጫው ጎን ብረት ማስበየድ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ታዲያ የትኛውን?

ለመጀመሪያዎቹ ወራት ፊሸር ሃውስ፣ ካልሆነም ሆስፒታል አጠገብ ያለ ባለ አንድ ወለል ኪራይ። ሕክምናው ገና ሳያልቅ በትልቁ ድጎማ ቤት ለመሥራት አትቸኩሉ። ጉቶው መጠኑ ይለወጣል፣ ሰው ሠራሽ እግሩ ይቀየራል፤ ዛሬ የማይችለውን ከዓመት በኋላ ይችላል፣ የሚችለውንም ሊተው ይችላል። መሸጋገሪያው ላይ ቲአርኤንና ሂሳን ተጠቀሙ። አገልግሎት ላይ ካለ የጦር ሰፈሩን ቤት ውሰዱ። አካሉ ሲረጋ፣ ትዳርና ሥራው መልክ ሲይዝ፣ ተሠርቶ የሚሰጠውን ቤት አመልክቱ ወይም ራምብለሩን ገዝታችሁ በኤስኤኤች አስተካክሉ። ቦታውን ሲመርጥ እሱ ይምረጥ። እናት ወይም ሚስት ለራሷ የምትዘጋው በር ያላት ክፍል ከሌለ ቤቱ ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን አትፈርሙ፤ አስታማሚ ስትወድቅ ሁለት ታማሚ ነው የሚሆነው።

ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ዊልቼር ይዛችሁ አንድ ምሽት እዚያ ቤት ሂዱ። መብራት አጥፉ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጣችሁ፣ እግራችሁን መሬት ሳታስነኩ፣ ሽንት ቤት ደርሳችሁ ተመለሱ።